ፉባር ላይ የትኛውን አውትፑት ልምረጥ? ተራው፣ ኤክስክሉሲቭ ወይስ አሲዮ?

ዜማ ወዳድ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ኮምፒውተሬ ላይ ሙዚቃ የምሰማው በፉባር 2000 ነው፣ አብዛኛው ፋይሌ ከሲዲ የተገለበጠ ፍላክ (ጥራቱ ሳይቀንስ የተጨመቀ ፋይል) ነው፣ ጥቂት ኤምፒስሪም አለ። በቅርቡ ትንሽዬ የዩኤስቢ ዳክ (ዲጂታሉን ወደ ሄድፎን ድምፅ የሚቀይር ዕቃ) ገዛሁና ሴቲንግ ውስጥ ስገባ ግራ ገባኝ። አውትፑት ላይ የዳኩ ስም ሁለቴ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ባዶውን፣ ሌላው ኤክስክሉሲቭ የሚል ተጨምሮበት፣ ከድራይቨሩ ጋር ደሞ አሲዮ የሚባል ነገር ተጭኗል። ዊንዶውሱ ውስጥ ደሞ ከ16 ቢት 44100 እስከ 24 ቢት 192000 ድረስ የሚሄድ ዝርዝር አለ፣ እኔ ያው ትልቁ ይሻላል ብዬ መጨረሻው ላይ ነው ያደረግኩት። ኤክስክሉሲቭ ስመርጥ ብሮውዘሩ ጭጭ ይላል፣ አንዳንዴም ዘፈኑ መሀል ላይ ቸክ ቸክ የሚል ድምፅ ይገባል። የቱ ላይ ላድርገው?

ባለ ሽቦው
ከ192ቱ እንጀምር። ሲዲ በሰከንድ 44100 የድምፅ ናሙና ነው ያለው፣ እያንዳንዱ ናሙና በ16 ቢት ተጽፎ። ፋይሉ ውስጥ ያልተቀዳውን ነገር ዊንዶውስ ከየት ያመጣዋል? የሚያደርገው በናሙናዎቹ መሀል ያለውን እያሰላ መሙላት ብቻ ነው። 44100 ናሙና እስከ 22050 ኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ይይዛል፣ የሰው ጆሮ ደሞ ቢበዛ እስከ 20000 ገደማ ነው የሚሰማው፣ ዕድሜ ሲገፋ እሱም ይቀንሳል።

አሁን ቁጥሩ ምን እንደሚሰራ ልንገርህ። በተራው አውትፑት ስትጠቀም ዊንዶውስ የፉባርን፣ የብሮውዘሩን፣ የኖቲፊኬሽኑን ድምፅ ሁሉ ቀላቅሎ ነው ወደ ዳኩ የሚልከው፣ ለመቀላቀል ደሞ ሁሉም በአንድ ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የናሙና ብዛት) መሆን ስላለበት አንተ ወደመረጥከው ቁጥር ይቀይራቸዋል። ስለዚህ አብዛኛው ፋይልህ ከሲዲ ከሆነ 44100 አድርገውና ያለ ምክንያት መቀየሩ ይቅር፣ ፊልምና ቪዲዮ የምታበዛ ከሆነ ደሞ 48000 ይሻልሃል፣ የቪዲዮ ድምፅ አብዛኛው በሱ ነው የሚሰራው። ቢቱን ግን 24 ላይ ተወው፣ ፋይሉ 16 ቢትም ቢሆን በሶፍትዌር ቮልዩም ስትቀንስ ትንንሹ ዝርዝር እንዳይቆረጥ ቦታ ይሰጠዋል።

ኤክስክሉሲቭ ማለት ፉባር ቅልቅሉን ዘሎ ዳኩን ለብቻው ያዘው ማለት ነው። ብሮውዘሩ ጭጭ ያለው ለዛ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ሳምፕል ሬቱም ፋይሉን እየተከተለ ይቀየራል፣ ዊንዶውስ ላይ የመረጥከውን ቁጥር አያየውም።

ጆሮ ዳባ
እኔ አሲዮ ነው የምልህ። ሌላው ሁሉ ቀልድ ነው፣ ስቱዲዮዎች የሚጠቀሙት እሱን ነው እኮ። ኤክስክሉሲቭም ቢሆን ከተራው ጋር ሰማይና ምድር ነው፣ ስቀይረው ቤዙ ወፈረ፣ ድምፃዊው ፊቴ መጥቶ የቆመ ነው የመሰለኝ።

ሰከን በል
@ጆሮ ዳባ ስቱዲዮዎች አሲዮን የሚጠቀሙት ድምፁ ስለሚያምር አይደለም። አሲዮ ፕሮግራሙ ከድምፅ ዕቃው ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት መንገድ ነው፣ ስታይንበርግ የሚባለው ድርጅት የሰራው ለቀረጻ ነው፣ ጊታሪስቱ ክሩን ሲመታ ሄድፎኑ ውስጥ ሳይዘገይ እንዲሰማው። የተቀዳ ዘፈን ለሚያዳምጥ ሰው ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ምን ይጎዳዋል? ናሙናዎቹ ሳይነኩ ዳኩ ጋ ከደረሱ በኤክስክሉሲቭም መጡ በአሲዮ ያው ናቸው።

ወፈረ ስላልከው ቤዝ ደሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ስትቀይረው ድምፁ ጮኾ ነበር? ኤክስክሉሲቭ ላይ የዊንዶውሱ ቮልዩም የማይሰራበት ጊዜ አለ፣ 40 ላይ አድርገኸው የነበረው ሙሉውን ይለቀቃል። ጆሯችን ደሞ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁሌም "የተሻለ" ይለዋል፣ በተለይ ቤዙን። ቮልዩሙን እኩል ሳታደርግ ማወዳደር ዋጋ የለውም። @ዜማ ወዳድ አንተም ሄድፎን ጆሮህ ላይ እያለ አውትፑት አትቀይር፣ መጀመሪያ ቀንሰው።

ይልቅ ብዙ ሰው የሚረሳው ዊንዶውስ ውስጥ ኦዲዮ ኢንሃንስመንት የሚባለው ነው። ቤዝ መጨመሪያ ምናምን፣ ሰራውንድ ምናምን ይጨምርበታል፣ አንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ከመጀመሪያውም በርቶ ነው የሚመጣው። እሱን አጥፋው፣ ከየትኛውም የአውትፑት ምርጫ በላይ የሚሰማ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው።

ጆሮ ዳባ
ቮልዩሙን አላስተካከልኩም እውነት ለመናገር። ግን ልዩነት የለም ብላችሁ አታሳምኑኝም 😄

ሰከን በል
ላሳምንህ አልፈልግም። ፉባር ኤቢኤክስ የሚባል ተጨማሪ ኮምፖነንት አለው፣ የቱ እየተጫወተ እንደሆነ ደብቆ ያሰማህና ለይ ይልሃል። የአንድ ዘፈን ሁለት ቅጂ ያዝ፣ አንዱን በ192000 ሌላውን በ44100 አድርግና ሞክረው፣ ከለየኸው እኔም አምናለሁ።

ዜማ ወዳድ
በጣም አመሰግናለሁ፣ 24 ቢት 44100 አደረግኩት፣ ኢንሃንስመንቱም በርቶ ነበር አጠፋሁት፣ በተለይ የሴት ድምፃውያን ድምፅ ላይ የነበረው ማስተጋባት ነገር ጠፋ። ቸክ ቸክ የሚለው ግን ኤክስክሉሲቭ ላይ አሁንም አልፎ አልፎ አለ። ሌላ ደሞ በብሉቱዝ ሄድፎን ስሰማም ይሄ ሁሉ ሴቲንግ ይሰራል?

ባለ ሽቦው
ለቸክ ቸኩ ፉባር አውትፑት ገጽ ላይ ባፈር ሌንግዝ (ድምፁን አስቀድሞ የሚያጠራቅምበት መጠን) አለ፣ ዝቅ አድርገኸው ከሆነ ወደ 1000 ሚሊሰከንድ መልሰው። ካልጠፋ፣ ዳኩን በዩኤስቢ ሀብ (ማባዣ) ሰክተኸው ከሆነ ነቅለህ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው፣ ሀቡን ከሌላ ዕቃ ጋር ሲጋራ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዛ ነው። በዚህም ካልጠፋ ተራውን ተጠቀም፣ ምንም አይቀርብህም።

ብሉቱዝ ላይ አትልፋ፣ ድምፁ ወደ ሄድፎኑ ሲሄድ እንደ ኤስቢሲና ኤኤሲ ባሉ የመጭመቂያ ዘዴዎች እንደገና ተጨምቆ ስለሆነ ኤክስክሉሲቭም ሆነ አልሆነ ናሙናው እንደነበረው አይደርስም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፣ ድምፁ በድንገት እንደ ስልክ ንግግር ከሆነብህ የሆነ ፕሮግራም የሄድፎኑን ማይክ ከፍቶታል ማለት ነው፣ ያኔ ብሉቱዙ ወደ መነጋገሪያው ሞድ ይገባና ጥራቱ ይወርዳል። ማይክ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ የላፕቶፑን ማይክ ምረጥለት፣ ይመለሳል።