«ያለ ፈቃዴ» የጠፋው ኮንፊግ

ከደብረ ብርሃን፦ ትናንት ማታ አንድ ወንድማችን «ኡቡንቱን አፕግሬድ ሳደርግ ያለ ፈቃዴ የስኩዊድ ኮንፊጌን ደመሰሰው፤ ሊኑክስ ለሥራ አይሆንም» ብሎ ለጥፎ ተኛ። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ለማያውቅ፦ ኡቡንቱ አንድ የሊኑክስ ዓይነት ነው፣ ስኩዊድ ሌሎቹን ኮምፒውተሮች ወደ ኢንተርኔት የሚያሳልፈው ፕሮግራም፣ ኮንፊግ ደግሞ የቅንብር ፋይሉ። ያለ ፈቃዴ? የኡቡንቱ ፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) ጫኙ ዲፒኬጂ እኮ አንተ የነካካኸውን የኮንፊግ ፋይል አዲሱ ፓኬጅም ቀይሮት ከመጣ ቆሞ ይጠይቅሃል። ዋይ (Y) ካልክ የፓኬጁን ይጭናል፣ ኤን (N) ካልክ ያንተን ይተወዋል፣ ዲ (D) ካልክ ልዩነቱን ያሳይሃል። ዝም ብለህ ኢንተር ብትመታ እንኳ ያንተው ነው የሚቀረው። ታዲያ ዋይን ማን ነካው? ጅብ?

ከሸዋ ሮቢት (ባለጉዳዩ)፦ አዎ፣ ዋይ ብያለሁ። «ልቀጥል ወይ?» የሚለኝ መስሎኝ ነዋ! ከዚያ በፊት ደጋግሞ ዋይ አስብሎኛል። ድንገት የዋይን ትርጉም ገልብጦ ጠበቀኝ። ጠዋት ደንበኛ ሲገባ አሥራ አራቱም ኮምፒውተር «አክሰስ ዲናይድ» (ተከልክሏል)። ይኼ ፈቃድ ነው?

ከደብረ ሲና፦ ዋይ ብለህ አሁን ዋይ ዋይ ትላለህ 😂 ዲፎልቱ ስኩዊድ (ኮንፊጉ ያልተነካው) ከራሱ ማሽን በቀር ማንንም አያሳልፍም። ሥራውን ነው የሠራው።

ከመሃል ሜዳ፦ አትሳቁ። ፈቃድ ማለት የተጠየቁትን አውቆ እሺ ማለት ነው። አያቴ ያላነበቡት ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው መሬት ሄዶባቸዋል። ያኔም «ፈርመዋል» ነው የተባለው።

ከደብረ ብርሃን፦ አያትህ ዲ የሚል ቁልፍ አልነበራቸውም!

ከመሃል ሜዳ፦ አያቴን ተዋቸው።

ከደብረ ብርሃን፦ አንተ ነህ ያመጣሃቸው።

ከአንኮበር፦ አርች የሚባለውን ሊኑክስ ብትጠቀሙ ይኼ ሁሉ ጭቅጭቅ የለም። የሱ ፓኬጅ ጫኝ ፓክማን ያንተን አይነካም፣ አዲሱን «ፓክኒው» ብሎ ጎን ያስቀምጥልሃል።

ከደብረ ሲና፦ መጣ ደግሞ አርች! እስቲ እውነቱን ተናገር፣ ስንት ፓክኒው ተከምሮብሃል?

ከአንኮበር፦ እሱ የግል ጉዳይ ነው።

ከፍቼ፦ እኔ የምለው፣ መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?

ከደብረ ብርሃን፦ «ዲፒኬጂ ኮንፊገር ማይነስ ኤ» (dpkg --configure -a) የሚለውን ትእዛዝ ጽፈህ ካቆመበት ትቀጥላለህ። ደግሞ ከርዕስ አትውጡ። ወንድሜ፣ «ደመሰሰው» ያልከውም ውሸት ነው። አሮጌው ፋይል እዚያው ኢቲሲ ስኩዊድ (/etc/squid) ፎልደር ውስጥ፣ መጨረሻው ላይ «ዲፒኬጂ ኦልድ» ተለጥፎበት ቁጭ ብሏል። ስሙን መልሰህ ስኩዊዱን ሪስታርት በል።

ከሸዋ ሮቢት፦ አሁን ነው የምትነግረኝ? ሌሊቱን በሙሉ ከጭንቅላቴ እየጻፍኩት ነው ያነጋሁት!

ከደብረ ሲና፦ ለሚቀጥለው፣ ዋናውን ፋይል አትንካው። የራስህን መስመሮች ኮንፍ ዶት ዲ (conf.d) ፎልደር ውስጥ በራስህ ፋይል አስቀምጥ። ያኔ ጥያቄውም አይመጣም። ኢቲሲኪፐር የሚባለውን ፕሮግራም ጫንበት፣ የኮንፊጎቹን ፎልደር ኢቲሲን በሙሉ በጊት (ለውጥን በሚመዘግበው ፕሮግራም) ይይዝልሃል።

ከመሃል ሜዳ፦ አያችሁ? ይኼን ሁሉ ማወቅ ካለበት ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ዋይ ሲያስብልህ ውሎ ማታ ላይ ዋይን ወጥመድ የሚያደርግ ፕሮግራም...

ከደብረ ብርሃን፦ ወጥመድ! ዲፎልቱ (ዝም ብለህ ኢንተር ስትመታ የሚወስደው) ኤን መሆኑን እዚያው ጽፎልህ?

ከሸዋ ሮቢት፦ ፋይሉን አገኘሁት። ሙሉ ነው፣ አንድ መስመር አልጎደለም። ግን ያለ ፈቃዴ ነው ያልኩት አልተነሳም።

ከደብረ ብርሃን፦ 🤦