የእናቴ የጠዋት ስኳር አልወርድ አለ፤ የማታው ኢንሱሊን ምን ይሁን?

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ሚክስታርድ 70/30 (የዘገየና ፈጣን ኢንሱሊን ድብልቅ) ጠዋት 22፣ ከራት በፊት 12 ዩኒት ትወጋለች። ከራት በፊት ስኳሯ 130 አካባቢ ነው፤ በባዶ ሆድ ግን ከ210 አይወርድም። «የማታውን ጨምሩ» እንዳትሉኝ፦ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 74፣ 9 ሰዓት 150፣ ሲነጋ 220 ነው። ብጨምር ሌሊት ይወርድባታል ብዬ ፈራሁ።

ብልቃጡን በመዳፍ አንከባልዬ ነው የምቀዳው፤ የምትወጋበት ቦታ አላበጠም፣ ከራት በኋላም ምንም አትቀምስም። መድኃኒቱ ድብልቅ ስለሆነ የዘገየውን ብቻ ወደ መኝታ ሰዓት መግፋት አይቻልም፤ ችግሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቀጠሮዋ ደግሞ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።

ሬጉላሩን (ፈጣኑን) እና ኤን ፒ ኤቹን (የዘገየውን) ለየብቻ ወደ መውሰድ የተቀየረላችሁ አላችሁ? ኤን ፒ ኤቹን ማታ 4 ሰዓት ስትወጉ የጠዋቱ ወረደ? ቀጠሮውን ላስቀድም ወይስ የሌሊት ልኬቷን መዝግቤ ልጠብቅ?