የዕቅድ ውይይት፦ በቀበሌያችን ምክር ቤት አባል አሠራር ላይ ስለምናቀርበው የጋራ አቤቱታ

ጸሐፊዋ፦
ጤና ይስጥልን። የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ በወሰነው መሠረት የአቤቱታው ረቂቅ እዚህ ይብሰል። ከአስጋሪዎች፣ ከጀልባ ሠራተኞችና ከዓሣ ነጋዴዎች የተሰበሰበው ቅሬታ በአራት ይጠቃለላል። የምክር ቤት አባሉ በጣና ዳር የዓሣ ማውረጃና የጀልባ ማቆሚያ ቦታ ሲደለደል ወንድማቸው አመልካች ሆኖ ሳለ ተቀምጠው ወስነዋል። የድጋፍ ደብዳቤ ለሚፈልጉ አባላት ገንዘብ ጠይቀዋል። በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ጥያቄ ያነሳችን ዓሣ ነጋዴ ሰድበው ከአዳራሽ አስወጥተዋል። የዓሣ መሸጫው ከዳር ወደ ውስጥ እንዲዛወርም ተደርጓል።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ገቢ እናድርገው። ጾሙ ከያዘ የዓሣ ገበያው ስለሚደራ ፈራሚም ምስክርም ማግኘት ይቸግራል።

ጠበቃው፦
አራቱን በአንድ ደብዳቤ አታስገቡ። አራተኛው የምክር ቤቱ ውሳኔ እንጂ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም። እዚህ ውስጥ ከገባ «ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ የወሰነው ነው» የሚል የአንድ መስመር መልስ ይሰጡና ሌሎቹም አብረው ይወድቃሉ። መሸጫው ወደ ቦታው ይመለስልን የምትሉ ከሆነ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ የሚጠይቅ ሌላ ማመልከቻ ይጻፍ። የሰውየው ስም እዚያ ላይ አይነሳ።

ሁለተኛው ደግሞ ወንጀል ነው። ጉቦ የሚመረምረው ፖሊስ ነው፤ የቀበሌ ምክር ቤት የመመርመር ሥልጣን የለውም። ሥነ ምግባርና ወንጀል ሲቀላቀሉ ምክር ቤቱ «ጉዳዩ በሕግ እየታየ ነው» ብሎ ሁሉንም ያቆየዋል። ስለዚህ ለምክር ቤቱ የሚሄደው አንደኛውና ሦስተኛው ብቻ ነው፤ የጥቅም ግጭትና በስብሰባ ላይ የታየ ጠባይ። ሁለቱም በቃለ ጉባኤና በብዙ የዓይን ምስክር የሚረጋገጡ ናቸው።

የአስጋሪዎች ተወካይ፦
ወንድም ጠበቃ፣ የተናገርከው ይገባኛል። ግን ሰዉን ያንገበገበው ሁለተኛው ነው። መረቡን ማታ ጥሎ ሌሊቱን በውሃ ላይ አድሮ ጠዋት የሚሸጥ ሰው ለደብዳቤ ገንዘብ ሲጠየቅ ዝም በል ልንለው ነው? እሱን ካወጣነው ማን ይፈርማል?

ጠበቃው፦
ዝም አይባልም፤ በሌላ በር ይሄዳል። ገንዘብ የተጠየቀ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ቃሉን ይጻፍ ወይም ያጽፍ። ምን ደብዳቤ ፈለገ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቢሮ ወይም ቤት፣ ስንት ተጠየቀ፣ ማን ሰማ፣ በእጅ ነው ወይስ በስልክ የተጠየቀው የሚለው ይኑርበት። በስልክ ከሆነ የጥሪው ዝርዝር ወይም መልእክቱ እንዳይጠፋ።

እዚህ ላይ በጣም እንድትጠነቀቁ የምለምናችሁ ነገር አለ። በሕጋችን ጉቦ የሚቀበል ብቻ ሳይሆን የሚሰጥም ይጠየቃል። «ከፍያለሁ» የሚል አባል ካለ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ጠበቃ ያማክር። ተጠይቆ ያልከፈለ ግን ምንም ሥጋት የለበትም፤ ከእሱ እንጀምር። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ነገር ግን የሚሠራው ከባድ ቅጣት ለሚያስከትሉ ወንጀሎች ነው። ስለዚህ «ጥበቃ ይደረግልሃል» ብላችሁ ማንንም ቃል አትግቡ። የማንችለውን ቃል የገባን ቀን ሰዉ ሁለተኛ አያምነንም።

የቀድሞው የመዝገብ ቤት ባለሙያ፦
ልጆቼ፣ ከደብዳቤው በፊት መጣራት ያለበት ነገር አለ። ሰውየው የምክር ቤት አባል የሆኑት ተመርጠው ነው ወይስ በጎደለ ቦታ ተተክተው? የክልልና የፌዴራል ምርጫ በ2013 ዓ.ም. ሲካሄድ የቀበሌና የወረዳ ምርጫ አልተካሄደም፤ በክልላችን የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የ2005ቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሞተ፣ የለቀቀ፣ የተዛወረ ብዙ ነው፤ በየቦታው የተተካም አለ። ደግሞም አንድ ሰው የምክር ቤት አባልም የአስተዳደር ሠራተኛም ሊሆን ይችላል። ድልድሉ ላይ የተቀመጡት በየትኛው ኃላፊነታቸው ነው? በአባልነታቸው ከሆነ አቤቱታው ለአፈ ጉባኤው ነው፤ በሹመት ሥራቸው ከሆነ ለሾማቸው አስተዳዳሪ ነው። ይህን ሳታጣሩ የጻፋችሁት ደብዳቤ «እኛን አይመለከትም» ተብሎ ይመለሳል። እስኪመለስ ወር፣ እንደገና እስኪጻፍ ሌላ ወር ያልፋል።

መጠየቂያው ቀላል ነው። ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ ጻፉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የአባሉ የአባልነት ሁኔታ፣ የምክር ቤቱ የአሠራርና የሥነ ምግባር ደንብ ቅጂ፣ የድልድሉ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ቅጂ። የመረጃ ነፃነት ያለበትን አዋጅ ቁጥር 590/2000 ጥቀሱ፤ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። «የለም» ቢሉም በጽሑፍ ይበሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ ማን እንደተገኘና ማን ድምፅ እንደሰጠ ካለ ግማሹ ሥራችሁ አለቀ።

ወጣቱ አባል፦
ጋሼ፣ 30 ቀን ከጠበቅን ጾሙ ይገባል። ለምን ለቀበሌው፣ ለክፍለ ከተማው፣ ለከተማው፣ ለክልሉ ምክር ቤት ግልባጭ አድርገን ባንዴ አንልክም? ፌስቡክ ላይ ብናወጣውም በአንድ ቀን ይንቀሳቀሳሉ።

የቀድሞው የመዝገብ ቤት ባለሙያ፦
የመረጃ ጥያቄው ዛሬ ይግባ፣ አቤቱታው ራሱ መልሱን ሳይጠብቅ ይጻፍ። ደንቡ ሲመጣ አንቀጹን እንጨምርበታለን፤ ካልመጣም «ጠይቀን አልተሰጠንም» ብለን ገቢ ቁጥሩን እንጠቅሳለን።

ግልባጩን በተመለከተ ግን አልስማማም። አምስት ቢሮ ግልባጭ የደረሰው ጉዳይ የማንም ጉዳይ አይሆንም፤ እያንዳንዱ «ዋናው የተጻፈለት ያየዋል» ብሎ ፋይል ውስጥ ያስገባዋል። ዋናው ለቀበሌው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ግልባጩ ለክፍለ ከተማው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ብቻ ይሁን። ከፍ ያለውን ደረጃ ለይግባኝ አስቀምጡት፤ አሁኑኑ ግልባጭ አድርገን ከጨረስነው በኋላ የምንሄድበት የለንም።

ጠበቃው፦
ፌስቡክንም ቴሌግራምንም በተመለከተ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ አይደረግም። ሥልጣን ላለው አካል የቀረበ አቤቱታና አደባባይ ላይ የተለጠፈ ስድብ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ስም ማጥፋት ያስጠይቃል። ሰውየው መልስ ከመስጠት ይልቅ ከሳሽ ሆነው ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ የማኅበሩ ገንዘብና ጉልበት ለመከላከል ይውላል። ምስክሮቻችንም ስማቸው ሲዞር ያዩና ይሸሻሉ።

ጸሐፊዋ፦
ተቀብያለሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ ሁለት ረቂቅ ይኸው። አንዱ ከአባላት የመጣ ነው፦

«አባሉ ለዘመዶቻቸው የሚያደሉ፣ ሕዝቡን የሚንቁና ለቦታው የማይመጥኑ ናቸው።»

ሁለተኛውን እኔ ሞክሬዋለሁ፦

«በ… ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ … ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ በተካሄደው የማቆሚያ ቦታ ድልድል ላይ ከአመልካቾቹ አንዱ የአባሉ የሥጋ ወንድም ነበር። አባሉ ዝምድናቸውን ለተሰብሳቢው ሳያሳውቁና ከስብሰባው ሳይወጡ ድምፅ ሰጥተዋል። ቦታው ለወንድማቸው ተሰጥቷል። ይህን በቦታው የተገኙ ምስክሮች ያስረዳሉ፤ ዝርዝራቸው በአባሪ 1 ተያይዟል።»

ጠበቃው፦
ሁለተኛው። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ፍርዱን ለሰሚው ተዉለት። «ለወንድማቸው ሊያደሉ ብለው» የሚል ሐረግም አትጨምሩ፤ ሐሳባቸውን ማረጋገጥ አንችልም፣ አለመውጣታቸውን ግን እንችላለን። ስድቡን በሚመለከተው አንቀጽ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፦ «ክብር የሚነካ ንግግር ተናገሩ» ብቻ ከተባለ ማንም አይረዳውም። የተነገረው ቃል እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ይግባ፤ ሁለት ምስክሮች ለየብቻ ሲጠየቁ የሰጡት ቃል ተመሳሳይ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ። አንድ ላይ አስቀምጣችሁ አትጠይቋቸው፤ አንዱ የሌላውን ይደግማል፣ መስቀለኛ ጥያቄ ሲመጣም ይፈርሳል።

የነጋዴ ሴቶች ተወካይ፦
የተሰደበችው እህታችን ስሟ እንዲገባ ፈቅዳለች፤ ቢሆንም የቤት ቁጥሯና ስልኳ ደብዳቤው ላይ አይውጣ። አድራሻዋን ጸሐፊዋ ትያዝ፣ ሰሚው አካል ሲጠራት እኛ እናቀርባታለን። ከአዳራሹ ስትወጣ የተነሳ ፎቶም አለ።

ጸሐፊዋ፦
እሺ እትዬ። ፎቶውን የያዘው ሰው ከስልኩ እንዳያጠፋው ንገሪልን፤ በቴሌግራም የተላለፈው ቅጂ የተነሳበትን ቀን አይዝም። ደግሞም ስልክ የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠርና ሰዓት ነው። ስልኩ ጃንዋሪ 20፣ 15:00 ካለ በደብዳቤው ላይ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ተብሎ ይጻፍ። ደብዳቤው አንድ ቀን አባሪው ሌላ ቀን ካሳየ «የተፈበረከ ነው» ለማለት ይመቻቸዋል።

ገንዘብ ያዧ፦
በማኅበሩ ማህተም እንላከው ወይስ በአባላት ፊርማ? የማኅበሩ ፈቃድ እድሳት በዚሁ ዓመት ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤ የምንጠይቀውም ከእነዚሁ ሰዎች ነው።

የቀድሞው የመዝገብ ቤት ባለሙያ፦
ጥሩ አነሳሽው። በነዋሪዎች ፊርማ ይሁን፤ ሦስት ተወካዮች ይመረጡ፣ የመረጣቸው ቃለ ጉባኤም ይያያዝ። የመቶ ሰው ፊርማ ከማኅበር ማህተም የሚያንስበት ምክንያት የለም፤ ነዋሪ በቀበሌው ምክር ቤት ላይ የማመልከት መብት አለው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 12 ላይ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል፤ በመግቢያው ጥቀሱት፣ አንድ ጊዜ ይበቃል።

ፊርማው ላይ የሚበላሸው ይህ ነው። በየገጹ ራስጌ የአቤቱታው ርዕስና ቀን መጻፍ አለበት። ባዶ ገጽ ላይ የተሰበሰበ ፊርማ «ለመብራት ጥያቄ የፈረምነው ነው» ሊባል ይችላል። ስም እስከ አያት፣ የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ። ለማያነብ ሰው ጽሑፉ ይነበብለት፤ በአሻራው አጠገብ ያነበበለት ሰውና አንድ ሌላ ምስክር ይፈርሙ። ከቀበሌው ውጭ የሚኖር አባል፣ ከዘጌም ይምጣ ከጎርጎራ፣ በዚህኛው አይፈርም፤ አንድ የውጭ ሰው ከተገኘ ዝርዝሩን በሙሉ ይጠራጠሩታል። አንድ ሰው ለቤተሰቡ ሁሉ እንዳይፈርምም ተቆጣጠሩ፤ ተመሳሳይ እጅ ጽሑፍ ወዲያው ይታያል።

የአስጋሪዎች ተወካይ፦
የእኛዎቹን ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ማውረጃው ላይ ካልያዝናቸው በኋላ አይገኙም፤ ይተኛሉ። ቅጹን ይዤ እዚያ እሆናለሁ።

ወጣቱ አባል፦
ምን ይደረግልን ብለን ነው የምንጨርሰው? እኔ «ይነሱ» ማለት አለብን ባይ ነኝ። አንቀጽ 12 መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት ይችላል ይላል።

ጠበቃው፦
ይላል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ብሎም ይጨምራል። ማንሳት የመራጩ ሥልጣን ስለሆነ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ለአፈ ጉባኤ በተጻፈ አቤቱታ አይፈጸምም። አፈ ጉባኤው ማድረግ የማይችለውን ከጠየቅን እምቢ ለማለት ምክንያት እንሰጠዋለን። ሊያደርገው የሚችለውን እንጠይቅ፦ አባሉ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ፣ ድልድሉ እሳቸው በሌሉበት እንደገና እንዲታይ፣ ለተሰደበችው እህት በዚያው አዳራሽ፣ በነዋሪው ፊት ይቅርታ እንዲጠየቅ። መልሱ በጽሑፍ የሚደርሰንን ቀን ደግሞ እኛው እናስቀምጥ፤ 15 የሥራ ቀን ይበቃል። ያ ካለፈ ማስታወሻ ደብዳቤ፣ ከዚያ ለክፍለ ከተማው ምክር ቤት።

እሱም ካልሆነ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ያለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አገልግሎቱ በነፃ ነው፣ አቤቱታውን በቃልም ይቀበላሉ። ሲገቡ የሚጠየቀው «መጀመሪያ የት አመለከታችሁ፣ ምን ተባላችሁ» ነው፤ ስለዚህ ማህተም ያለበት ቅጂ ሁሉ በአንድ ክላሰር ይቀመጥ። ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ ግን ተቋሙ አያይም፤ ማንም አባል በመሃል ክስ እንዳይመሠርት።

የቀድሞው የመዝገብ ቤት ባለሙያ፦
ለማስገባት የምትሄዱት ሦስታችሁ ብቻ ሁኑ፤ ሕዝብ ይዞ ቢሮ መሄድ ጉዳዩን ወደ ጸጥታ ይቀይረዋል። ጠዋት 2:30 ላይ ድረሱ፤ ዓርብ ከሰዓት አይሁን። ሦስት ቅጂ ያዙ፦ አንዱ ለአፈ ጉባኤው፣ አንዱ ለክፍለ ከተማው፣ አንዱ ለእኛ። በእኛ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ የተቀባይ ስምና ማህተም ሳይሰፍር አትውጡ። «ኃላፊው ካላዩት አንቀበልም» ካሉ የመዝገብ ቤት ሥራ መመዝገብ መሆኑን በትሕትና ንገሩ፤ እምቢ ካሉ በፖስታ በአደራ ደብዳቤ ላኩትና ደረሰኙን ያዙ። አባሪው ስንት ገጽ እንደሆነ ደብዳቤው ግርጌ ላይ በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ፤ በመንገድ የሚጠፋው ሁልጊዜ አባሪው ነው። በሦስተኛው ቀን ተመልሳችሁ ለማን እንደተመራ ጠይቁና የተመራለትን ሰው የሥራ መደብ መዝግቡ።

ጸሐፊዋ፦
የመረጃ መጠየቂያውን ነገ ጠዋት እኔ አስገባለሁ። የምስክሮችን ቃል ጠበቃችንና የሴቶች ተወካይዋ ለየብቻ ይቀበሉ። የፊርማ ቅጹን ራስጌው ተጽፎበት ዛሬ ማታ አትሜ ለገንዘብ ያዣችን እሰጣለሁ፤ እያንዳንዱ ገጽ ቁጥር ስላለው የወጣው በሙሉ ይመለስ፣ የተበላሸውም ቢሆን። የመሸጫው ማመልከቻ ረቂቅ በሌላ ርዕስ ይከፈታል፤ እዚህ ላይ ስለ እሱ አትጻፉ።

የነጋዴ ሴቶች ተወካይ፦
አንድ እርማት። ረቂቁ ላይ «ከአዳራሽ አስወጥተዋል» ይላል። እጇን ይዘው ያወጧት የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው፤ አባሉ ያዘዙት በቃል ነው። «እንድትወጣ አዝዘው በጥበቃ ሠራተኞች እንድትወጣ ተደርጓል» ቢባል ነው ምስክሮቹ ከሚሉት ጋር የሚስማማው።

ጸሐፊዋ፦
ተስተካክሏል።