ጎርፍ የቢሮውን ስልክ ዘጋው፤ ጠዋት ደንበኛ ይደውላል፣ ምን እናድርግ?

የቢሮ ኃላፊ፦
ወገኖቼ ቶሎ ድረሱልኝ። ሌሊት ጎርፍ ምድር ቤት ገብቶ የስልኩ ማሽን (የውጭ መስመሮቹን ለውስጥ ስልኮች የሚያከፋፍለው) ውሃ ውስጥ አደረ። ውሃው አሁን ወርዷል፣ ስልኮቹ ግን አንዳቸውም ድምፅ የላቸውም። በሞባይል ወደ ዋናው ቁጥራችን ስንደውል ይጠራል፤ ቢሮ ውስጥ ግን ምንም የሚጮህ ነገር የለም። ደንበኛ የሚያውቀው ያንን ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ባልደረባ ማሽኑን በፀጉር ማድረቂያ እያደረቀ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እናብራው ይላል። እናብራው?

ቮልት፦
በፍጹም እንዳታበሩት! ማድረቂያውንም አቁሙ። የጎርፍ ውሃ ጭቃና ጨው ይዞ ነው የሚገባው። ላዩ ደርቆ ቢታይም በቺፖቹ እግሮች መካከል የቀረው እርጥበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ውሃው ያልገደለውን የማሽኑን ካርድ (ቺፖቹ የተሰኩበትን ሰሌዳ) ማብራቱ ይገድለዋል። የሞቀው አየር ደግሞ ጭቃውን ካርዱ ላይ ያጋግረዋል።

ብሬከሩ ያለበት ሳጥን ደረቅ ከሆነ አጥፉት። ሳጥኑ ራሱ ረጥቦ ከሆነ አትንኩት፣ ኤሌክትሪሲያን ይምጣ። ከዚያ ባትሪውን ንቀሉ። ብዙ ጊዜ አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 48 ቮልት ስለሚሰጡ፣ ሶኬቱ ተነቅሎም ማሽኑ ኃይል አለው። ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። ጓንት አድርጉ፣ የጎርፍ ውሃ የፍሳሽ ውሃም ነው።

አንባቢ 7፦
ዳይቨርት አድርጊው እህቴ፣ ጥሪው ወደ ሞባይልሽ ይዛወር። *21* ከዚያ የሞባይል ቁጥርሽን ከዚያ #። አለቀ።

መስመር ጠጋኝ፦
አንባቢ 7፣ ያ ኮድ የሚሠራው ዳይቨርት ከሚደረገው መስመር ላይ ሲደወል ነው። ከሞባይሏ ብትደውለው የገዛ ሞባይሏን ነው የምታዛውረው። የሞተው የቢሮው መስመር ነው።

እህቴ፣ እኔ ጥያቄሽ ላይ አልስማማም። ማሽኑ ይብራ አይብራ የነገ ጉዳይ ነው። ቁጥራችሁ ያለው ማሽኑ ውስጥ አይደለም፣ ቴሌፎን ጣቢያው ላይ ነው። ማሽኑ ቢጠፋም ቁጥሩ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩን አድኑ፣ ማሽኑ ይቆይ። ሲደወል ይጠራል ማለትሽ ጥሩ ምልክት ነው። ጣቢያው ይሠራል፣ መስመሩም ሾርት የሆነ (ሁለቱ ሽቦዎች የተነካኩ) አይመስልም፤ ሾርት ቢሆን የሚደውለው ሰው የተያዘ መስመር ድምፅ ይሰማ ነበር። ግን ሽቦው መንገድ ላይ ቢበጠስም ለደዋዩ ይጠራል፣ ስለዚህ ገና እርግጠኛ አትሁኑ።

ስንት መስመር ነው? መዳብ ነው ፋይበር? መብራት አለ? ይህን ሳትነግሪን ሁላችንም የምንናገረው በግምት ነው።

የሥራ ቀጣይነት፦
እንደዚህ ያለ ነገር የሚመጣው ስልክ ምድር ቤት ስለሚቀመጥ ነው። ማንኛውም ድርጅት ማሽኑን ከወለል ቢያንስ አንድ ፎቅ ከፍ ማድረግ፣ የቅንብሩን ኮፒ ከሕንፃው ውጭ ማስቀመጥ፣ የአደጋ ጊዜ ተቀባይ ቁጥር አስቀድሞ መመደብ፣ በዓመት ሁለት ጊዜም መሞከር አለበት። ስልኩ ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት በኩል ከሕንፃው ውጭ የሚሠራ) ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሠራተኛው ከቤቱ ያነሳ ነበር።

ቮልት፦
ያልከው ሁሉ እውነት ነው ወንድሜ፣ ግን ሴትዮዋ አሁን ውሃ ውስጥ ቆማለች።

የቢሮ ኃላፊ፦
ይቅርታ፣ ተቻኩዬ ነው። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሏል፣ ባትሪውም ተነቅሏል። መስመሮቹ 4 ናቸው፣ በመዳብ ሽቦ የሚመጡ። የውስጥ ስልክ 14። ኢንተርኔት በፋይበር ሁለተኛ ፎቅ ይገባል፣ አልረጠበም። መብራት አሁን ጠፍቷል። የመስመሮቹ ውል በቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ስም ነው። ዳይቨርት ጠይቀን ባለውሉ ይምጣ ተባልን።

ጉርሻ፦
እንግዲህ መልእክት በእግር ሊሆን ነው 😄 ለማንኛውም በሩ ላይ ጊዜያዊ ቁጥር በትልቁ ለጥፉ፤ ለደንበኞችም ኤስኤምኤስ ላኩ፣ ኔትዎርክ ሲጨናነቅ ድምፅ ባያልፍም አጭር መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል። ደግሞ መጋዘን ውስጥ አቧራ የጠጣች ባለሽቦ ስልክ ካለች ዛሬ ንግሥት ናት፣ አውጧት።

መስመር ጠጋኝ፦
ጉርሻ በቀልድ መሃል ትክክለኛውን ተናገረ። የመዳብ መስመር ኃይሉን ከጣቢያው ነው የሚያመጣው፣ የሕንፃው መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ሶኬት የማትፈልግ ተራ ባለሽቦ ስልክ ያስፈልጋል፤ ባለ ገመድ አልባዋ መሠረቷ መብራት ስለሚፈልግ አትሆንም።

መስመሮቹ ወደ ሕንፃው የሚገቡበትን ሳጥን ክፈቱ። ወደ ማሽኑ የሚሄደውን ሽቦ ለዩት፣ የረጠበ ካርድ የመስመሩን ቮልት ሊያወርደው ይችላል። ከዚያ ከውጭ የመጣው የሽቦ ጥንድ ላይ በማልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ዲሲ ቮልት ለኩ። ጤነኛ መስመር 48 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ስልኳን አያይዛችሁ ስታነሷት ወደ 10 ቮልትና ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ድምፅም ትሰማላችሁ። እጃችሁ ደረቅ ይሁን፤ ጥሪ ሲመጣ ከ75 እስከ 90 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ይመጣበታል።

48 ካገኛችሁ መንገዱ ተከፈተ፣ ዳይቨርቱንም ከዚያችው ስልክ አድርጉ። ኮዱ ከአገልግሎት ሰጪ አገልግሎት ሰጪ ይለያያል፣ ጠይቁ። ዜሮ ከሆነ ሽቦው ውጭ ተበጥሷል ወይም የመንገዱ ማከፋፈያ ሰጥሟል። 20 ወይም 30 ሆኖ የሚንጫጫ ድምፅ ካለ ኬብሉ ውስጥ ውሃ አለ፤ ያ ሲደርቅ ይሻላል፣ ሲዘንብ ይመለሳል፣ የረጠበውን ቆርጦ ሽቦውን መቀጠል ነው መፍትሔው።

ስለ ውሉ፦ ማህተም ያለበት ደብዳቤ፣ የንግድ ፈቃድ ቅጂ፣ የመጨረሻው ወር ደረሰኝና የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ መታወቂያ ይዛችሁ በአካል ሂዱ። በስልክ እሺ የሚላችሁ የለም፣ እንዲያውም ባይሉ ይሻላል፤ ያለዚያ ማንም ተነስቶ ቁጥራችሁን ወደራሱ ያዛውር ነበር። አራቱን መስመሮች በተለያየ ሞባይል ላይ እንዲያደርጉ ጠይቁ። ሁሉም ወደ አንድ ሞባይል ከመጡ አንዱ እያወራ ሌላው ተይዟል ይሰማል።

አንባቢ 7፦
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ዳይቨርት።

ኔትዎርክ ልጅ፦
ዳይቨርቱ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ተቀባዩ ሞባይል ሲያዝ ጥሪው ወደ ሁለተኛ ሞባይል እንዲያልፍ ተቀባዩ ላይ **67*ቁጥር# አስገቡ፣ #43# ደውላችሁም ጥሪ መጠበቂያውን አጥፉ፤ እሱ ክፍት ከሆነ ስልኩ ተይዟል ስለማይል ጥሪው አያልፍም። የድምፅ መልእክት ማስቀመጫውንም አጥፉ፣ የደንበኛን ጥሪ ይውጣል። ተቀባዩ ሞባይል ደግሞ ወደ ቢሮ ቁጥር ዳይቨርት ተደርጎ ከነበረ ጥሪው ይዞራል፣ ##21# ብላችሁ አጽዱ።

ፋይበሩ ስላለ፣ ሳምንታት የሚፈጅ ከሆነ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጡና አስቴሪስክ (ኮምፒውተርን የስልክ ማሽን የሚያደርግ ሶፍትዌር) ጫኑበት፣ ቁጥሩንም ወደ ሲፕ አካውንት (በኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ መስመር) አዛውሩ። ሠራተኞች ሞባይላቸው ላይ ሶፍትፎን (ሞባይሉን የቢሮ ስልክ የሚያደርግ አፕ) ይጭናሉ። አራት ጥሪ በጂ.711 (የተለመደው የድምፅ መላኪያ ዘዴ) እያንዳንዱ በሰከንድ 90 ኪሎ ቢት ገደማ ስለሚወስድ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 360 ኪሎ ቢት ነው፣ ፋይበሩ አይሰማውም።

የኃይል ስሌት፦ ራውተር፣ የፋይበሩ ሞደምና ትንሹ ኮምፒውተር በጠቅላላ 45 ዋት ቢሆኑ፣ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ያለው የሊድ ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ነው። ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ ከኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ሶኬት ኃይል ከሚቀይረው) ብክነት በኋላ 500 ገደማ ይቀራል፤ 11 ሰዓት ያህል ማለት ነው። በኔትዎርክ ኬብል ኃይል የሚያገኙ 14 የጠረጴዛ ስልኮች በየ5 ዋቱ 70 ዋት ይጨምራሉ፣ ስልኮቹን የሚያገናኘው ስዊች ሳይቆጠር እንኳ ወደ 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወርዳል። ለዚህ ነው ሶፍትፎን ያልኩት።

ድምፅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄደ ራውተሩ ላይ ያለውን ሲፕ ኤኤልጂ (የኢንተርኔት ጥሪን የሚነካካ ቅንብር) አጥፉ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። እባካችሁ ተቻኩላችሁ ፖርት 5060ን (የሲፕ ጥሪ የሚገባበትን በር) ለዓለም እንዳትከፍቱት። ደካማ የይለፍ ቃል ፈልገው ገብተው በናንተ መስመር ወደ ውጭ አገር ይደውላሉ፣ ሂሳቡ የናንተ ነው። የውጭ አገር ጥሪን ከጅምሩ ዝጉት።

የሥራ ቀጣይነት፦
ጀኔሬተር ከተከራያችሁ ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት 6 ሜትር ርቆ ይቀመጥ። ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው። ቮልቴጁ ስለሚወዛወዝ ስልክ ነክ ዕቃ ሁሉ በዩፒኤስ (ኃይሉን የሚያረጋጋ ባለ ባትሪ ሳጥን) በኩል ይብላ፤ የሰጠመውን ዩፒኤስ ግን አትጠቀሙ፣ ጣሉት። መብረቅ መከላከያውንም እንደዚሁ።

የቢሮ ኃላፊ፦
ባለሽቦዋ ስልክ ተገኘች! ሦስቱ መስመሮች 49 ቮልት አሳዩ፣ ድምፅም አላቸው። አራተኛው 26 ነው፣ ይንጫጫል። ማሽኑስ? ቅንብሩና የደንበኞች የድምፅ መልእክት እዚያ ውስጥ ነው።

ቮልት፦
ተመስገን! ማሽኑን እንዲህ አድርጉ። ከመንቀላችሁ በፊት ሽቦዎቹን ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ ፖርቶቹን በቁጥር ለጥፉ። የሚወጣ ሜሞሪ ካርድ ካለ ለብቻው አውጥታችሁ አድርቁና በኮምፒውተር ላይ ሙሉ ኮፒ ውሰዱ፣ ሌላው ሁሉ ይተካል ይሄ አይተካም። ካርዶቹን በንጹህ ውሃ፣ ቀጥሎ በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ፣ በመጨረሻ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ። አልኮሉ በእሳትና በብልጭታ አጠገብ አይሁን። ከ48 እስከ 72 ሰዓት በተራ አየር ማራገቢያ ይድረቁ። ፓወር ሳፕላዩን (ኃይል ሰጪውን ክፍል) አትጠቡት፣ አትክፈቱትም፤ ተነቅሎም ቮልት ይይዛል፣ አዲስ ይገባለት። ዛሬ መታጠብ ካልቻለ ነገ ዝገት ይጀምራል።

መስመር ጠጋኝ፦
አራተኛውን መስመር ከመቁረጣችሁ በፊት ወዴት እንደሚሄድ ተከታተሉ። ብዙ ሕንፃ ላይ እንዲህ ያለው መስመር የሊፍት የአደጋ ስልክ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ ወይም የካርድ መክፈያ ማሽን ነው፣ በስልክ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። ሊፍት ከሆነ እስኪጠገን ሊፍቱን ዝጉት። የሦስቱ ዳይቨርት ሠራ?

ጉርሻ፦
የቢሮ ኃላፊ፣ ምን ላይ ደረሳችሁ?