ፋንተም ሬጅመንት ወደፊት ምን ዓይነት ትርኢት ያቅርብ? (ክርክር)

አወያይ፦
በኢሊኖይ ግዛት በሮክፎርድ ከተማ በ1956 የተመሠረተው ፋንተም ሬጅመንት (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የድራም ኮር ውድድር (ወጣቶች በነሐስ መሣሪያ፣ በከበሮና በባንዲራ ሜዳ ላይ እየተሰለፉ ትርኢት የሚያቀርቡበት ውድድር ነው፤ ቡድኑም ኮር ይባላል) ውስጥ የክላሲክ ሙዚቃ ቤት ተብሎ ይታወቃል። ሻምፒዮን የሆነው ሁለት ጊዜ ነው፤ በ1996 የሩሲያዊውን አቀናባሪ የሾስታኮቪችን ሙዚቃ ይዞ ብሉ ዴቪልስ ከተባለው ኮር ጋር እኩል ነጥብ በማምጣት፣ በ2008 ደግሞ በጥንቷ ሮም ያመፀውን ባሪያ የስፓርታከስን ታሪክ ይዞ ያንኑ ብሉ ዴቪልስን በ0.025 ነጥብ በመብለጥ። ጥያቄው ይህ ነው፦ እኛ ደጋፊዎች ለመጪዎቹ የውድድር ዘመናት ትርኢት በሐሳባችን ስንነድፍ፣ አንድ ክላሲክ ሥራ ከነታሪኩ እንዲይዝ እንመኝለት ወይስ ብሉኮትስ እንደተባለው ኮር በድምፅ ቴክኖሎጂና በትልልቅ የመድረክ ዕቃዎች ላይ የቆመ፣ ታሪክ የማይተርክ ትርኢት? ሐሳብ የሚሰጥ ሰው «ይህን ሙዚቃ ቢጫወቱ» ብሎ ብቻ እንዳይተው፣ ሜዳው ላይ የሚታየውንም እንዲያስረዳ አደራ እላለሁ።

ሮክፎርዴው፦
እኔ የምመኘው የጀርመናዊውን አቀናባሪ የቫግነርን ኦፔራ፣ ሎሄንግሪንን ነው፤ ከኦፔራው የተቆነጠረ ዜማ ሳይሆን ታሪኩን በሙሉ። ኮሩ ኤልዛ ወደ ካቴድራል የምትሄድበትን ክፍል ለዓመታት እንደ ራሱ መዝሙር ሲጫወተው ስለኖረ፣ ደጋፊው ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ ያውቀዋል፤ የሚገርመው ግን ያ ሰልፍ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚያደርስ ብዙዎቻችን ጠይቀን አለማወቃችን ነው። ወንድሟን ገድላለች ተብላ የተከሰሰችው ኤልዛ ጠበቃ ባጣች ጊዜ፣ ስዋን በተባለ ነጭ የውሃ ወፍ በሚሳብ ጀልባ የመጣ የማይታወቅ ባላባት ይደርስላታል፤ ስሙንና አገሩን እንዳትጠይቀው ቃል አስገብቶ ያገባታል፤ እርሷ ግን በሠርጓ ሌሊት ትጠይቀዋለች፣ እርሱም ጥሏት ይሄዳል። ክስ፣ መድረስ፣ ሰልፍ፣ ጥያቄ፣ መለየት፦ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው።

ሜዳው ላይ እንዲህ ይታየኛል። ትራምፔቶቹና ከበሮዎቹ በግራ በኩል እንደ ፍርድ ሸንጎ ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ኤልዛን የምትጫወተው የከለር ጋርድ (ባንዲራ እያውለበለበ የሚደንሰው ክፍል) አባል በሜዳው መሀል፣ በ50 ያርዱ መስመር ላይ ብቻዋን ትሆናለች። ጀልባ ተሠርቶ አይገፋም፤ ሜሎፎንና ዩፎኒየም የተባሉትን የነሐስ መሣሪያዎች የያዙት ከኋለኛው መስመር ነጭ ለብሰው በሁለት ቀስት ሲመጡ የሰልፉ ቅርጽ ራሱ ክንፍ ይሆናል። የካቴድራሉ ጉዞ ሲደርስ መላው የነሐስ ክፍል ከማይሰማ ድምፅ ተነስቶ፣ በትንንሽ እርምጃ፣ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አድርጎ ይቀርባል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው እስትንፋስና እግር ነው፤ ፋንተም ሬጅመንት ሁለቱንም ያውቅበታል።

ሜሎፎን፦
ወንድሜ ሮክፎርዴው፣ የገለጹት ሥዕል ያማረ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ታሪኩን ቀድሞ ላልሰማ ሰው ከሃያኛው ረድፍ ላይ የሚታየው አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማ ብዙ ሰው ወደ እርሷ ሲመጣ ነው። ባላባቱ ስሙን እንዳትጠይቀው መከልከሉን በእግርና በባንዲራ እንዴት ይነግሩናል? ወይ ተራኪ በማይክሮፎን ይናገራል፣ ወይም ተመልካቹ ሳይገባው ያልፋል። ከመቶው ነጥብ 40ው የሚሰጠው ትርኢቱ በጠቅላላ ለሚያሳድረው ስሜት ነው፣ ለእይታና ለሙዚቃ 30፣ 30 ይቀራል፤ ማስታወሻ ካልተነበበለት የማይገባ ትርኢት ደግሞ ከዚያ 40 ላይ ነው የሚጎዳው። ብሉኮትስ በ2014 የነሐሱን ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ ታግዞ ሲያንሸራትተው፣ በ2016ም ተጫዋቾቹ ሜዳው ላይ ከተሠራ ተዳፋት ላይ ሲንሸራተቱ፣ ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ ተመልካች አልነበረም። በ2016 ሻምፒዮን የሆነውም በዚያ ትርኢት ነው።

የእኔ ሐሳብ ታሪክ የለውም፤ ስለ ድምፅ መዘግየት ነው። ሜዳው ከአንዱ የጎል መስመር እስከ ሌላው 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ድምፅ ይህን ለመሻገር ከሩብ ሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስድበታል። በደቂቃ 160 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንድ ምት 0.375 ሰከንድ ስለሆነ፣ በአንዱ ዳር ያለ ተጫዋች ከወዲያኛው ዳር የሰማውን ተከትሎ ቢነፋ ሁለት ሦስተኛ ምት ያህል ዘግይቶ ይገባል። ሜዳ ላይ ያሉት የመሪያቸውን የድራም ሜጀሩን እጅ የሚያዩት፣ ከፊት የቆሙት የማሪምባና የቲምፓኒ (የምት መሣሪያዎች) ተጫዋቾች ደግሞ ከኋላቸው ያለውን ከበሮ አዳምጠው የሚገቡት ለዚህ ነው። ልጆቹ መላ ዘመናቸውን ይህን መዘግየት ለመደበቅ ይለፋሉ፤ እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ይሰማ እላለሁ። ሁለት ትራምፔቶች በሁለቱ ዳር ቆመው አንድን ሐረግ ይነፋሉ፣ እያንዳንዱም ሆነ ብሎ የሌላውን ድምፅ በጆሮው እየተከተለ ይገባል፤ ሐረጉ ይደራረባል። ከዚያ ሁሉም ቀስ በቀስ ወደ መሀል እየተጠጋጋ ሲመጣ መደራረቡ ይጠብባል፣ በመጨረሻ በ50 ያርዱ ላይ አንድ ጥብቅ ክምር ሲሆኑ ድምፁ ይገጥማል። የውድድሩ ፍጻሜ ከ2009 ጀምሮ በሚካሄድበት በኢንዲያናፖሊሱ ሉካስ ኦይል ስታዲየም ጣሪያው ከተዘጋ ደግሞ ሕንፃው ራሱ ማስተጋባቱን ይጨምርልናል። ድምፅ ማጉያዎቹንም በሜዳው ዙሪያ አስቀምጬ የዘገየውን ድምፅ እመልስባቸዋለሁ።

ሮክፎርዴው፦
እህቴ፣ እስከ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ድረስ ተከትዬዎት ነበር። ድምፅ ማጉያ በ2004፣ ሲንተሳይዘርን የመሰሉ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ደግሞ በ2009 ሲፈቀዱ ጥቅም እንዳመጡ አምናለሁ፤ ማሪምባ ያለ ማጉያ በስታዲየም ውስጥ ለመሰማት ይቀጠቀጥ የነበረበትን ዘመን ማንም አይናፍቅም። ነገር ግን ቱባዎቹ የሚነፉትን ሲንተሳይዘሩ ከሥራቸው ሆኖ ሲደግመው፣ የማደንቀው የትኛውን ልጅ እስትንፋስ እንደሆነ አላውቅም። የእርስዎ ትርኢት ያለ ማጉያ ሙሉ ነው፤ የተፈጥሮውን መዘግየት ካሳዩ በኋላ በማሽን የተሠራ መዘግየት መጨመር የመጀመሪያውን ያረክሰዋል።

ትዝታ በዩፎኒየም፦
እኔ ያደግሁት የክብር ዘበኛን የነሐስ ባንድ ከሚያደንቅ አባት ጋር ስለሆነ፣ የዘገምተኛው ክፍል በትዝታ ቅኝት ቢሠራ እወድ ነበር። ዩፎኒየም ለትዝታ የተፈጠረ ይመስለኛል።

ሜሎፎን፦
እርስዎ ያሉትን እኔም በጆሮዬ እሰማዋለሁ፤ ነገር ግን የሮክፎርድ ኮር ትዝታን ለአንድ የውድድር ዘመን እንደ ልብስ ቢያጠልቀው ደስታው የእኛ ብቻ ይሆናል። ቅኝቱን የሚያውቅ አቀናባሪ ቢገባበት ሐሳቤን እቀይራለሁ።

የሒሳብ ሹሙ፦
ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር አለ፤ እርሱም የሙዚቃ መብትና የጭነት መኪና ነው።

ከመብቱ ልጀምር። ደጋፊ በሐሳቡ ሲነድፍ የትኛውንም ሙዚቃ በነፃ ይወስዳል፤ ኮር ግን ለማቀናበርም፣ ቪዲዮውን ለመሸጥም ፈቃድ ይጠይቃል፣ ባለመብቱም እምቢ ማለት ይችላል። ፈቃድ ባልተገኘባቸው ቦታዎች ድምፁ ተቆርጦ የወጣ የውድድር ቪዲዮ ያየ ሰው ይህ ተረት እንዳልሆነ ያውቃል። በአሜሪካ ሕግ ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው ሙዚቃ ነፃ ስለሆነ ቫግነር፣ ድቮርዣክና ባክ የማንንም ፊርማ አይጠይቁም፤ የሶቪየቱ አቀናባሪ የካቻቱሪያን ስፓርታከስ ግን ይጠይቃል። በዚህ ረገድ ሎሄንግሪን ብልህ ምርጫ ነው፤ ሮክፎርዴው ይህን አስበውበት ከሆነ አደንቃለሁ።

ስለ ዕቃው ደግሞ፣ ትልቅ የመድረክ ዕቃ በኢንዲያናፖሊስ ጣሪያ ሥር ሲታይና በሰኔ ወር በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሲገፋ አንድ አይደለም። በሣሩ ላይ ጎማው ይሰምጣል፤ ንፋስ ከመጣ ጨርቅ የተወጠረበት ሰሌዳ እንደ መርከብ ሸራ ይሆናል፣ አራት ልጆች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ይይዙታል፤ እነዚያ አራት ልጆች በዚያች ደቂቃ አይነፉም። በየከተማው በጂም ወለል ላይ እያደሩ የሚጓዙት እነዚሁ ወጣቶች ናቸው፣ ዕቃውን የሚያወርዱትና የሚጭኑትም ብዙ ጊዜ እነርሱው ናቸው። ሳንታ ክላራ ቫንጋርድ የተባለው ኮር በ2018 ሻምፒዮን ሆኖ በገንዘብ ችግር በ2023 ሳይወዳደር ቀረ፤ በ1934 የተመሠረተው ካዴትስም በ2024 ተዘጋ። የሁለቱም ታሪክ ከመድረክ ዕቃ የሰፋ ነው፤ ሆኖም ተጨማሪ የጭነት መኪና የሚጠይቅ ሕልም ሳይ እነርሱን ማሰቤ አልቀረም።

ሜሎፎን፦
የእኔ ትርኢት ከማጉያዎቹ በቀር ዕቃ የለውም፣ ስለዚህ ወቀሳው ወደ ሌላ ሰው ይሂድ። «ክላሲክ» እና «ታሪክ» ግን በጥያቄው ውስጥ ያለ አግባብ ተጣብቀዋል። ስታር ኦፍ ኢንዲያና የተባለው ኮር በ1993 የአቀናባሪዎቹን የባርቶክንና የባርበርን ሙዚቃ ይዞ የወጣው ትርኢት በሙዚቃው ክላሲክ ነበር፤ በዓይን የሚታየው ግን ቀዝቃዛ፣ ባለ ስለታም ማዕዘንና ለጭብጨባ ቦታ የማይተው ስለነበር ከተመልካቹ ጩኸትና ተቃውሞ ገጥሞታል። በካዴትስ በ0.1 ነጥብ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። ዛሬ ግን ከዚያ ወዲህ ለመጡት ነዳፊዎች በር ከከፈቱት ትርኢቶች መካከል ይቆጠራል።

ሮክፎርዴው፦
በ1993 ያልተወደደውን በ2008 ከተወደደው ጋር አስተያዩትና፤ በ2008 ልጆቹ «እኔ ነኝ ስፓርታከስ» እያሉ ሲጮኹ ተመልካቹም አብሮ ይጮህ ነበር። ታሪክ የሚገባው በማስታወሻ ነው ያሉት በዚህ ይፈርሳል፤ የባሪያውን አመፅ ለመረዳት ማንም ወረቀት አልገለጠም።

ሜሎፎን፦
የባሪያ አመፅ በሁለት ቃል ይነገራል፤ ሎሄንግሪን ግን በክልከላ ላይ የቆመ ነው፣ ክልከላ ደግሞ አይታይም። ይህን ካልፈቱልኝ የእርስዎ ትርኢት የካቴድራሉ ጉዞ ላይ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ደቂቃዎች ለማንም አይገቡም።

ሮክፎርዴው፦
እንዲህ ቢሆንስ? ባላባቱን የሚጫወተው ልጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ ይሄዳል። ኤልዛ ሦስት ጊዜ ልትዞረው ትሞክራለች፣ በእያንዳንዱ ሙከራ የነሐሱ ክፍል ሐረጉን ሳይጨርስ ያቋርጠዋል። በአራተኛው ታዞረዋለች፤ ሐረጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ይነፋል፣ እርሱም መሄድ ይጀምራል። ያለ ተራኪና ያለ ማይክሮፎን ማለት ነው።

ሜሎፎን፦
ይህኛው ይሠራል። ሆኖም ሦስት የተቋረጡ ሐረጎች የሙዚቃ ዳኛውን እንዳያሰለቹ፣ ሦስቱም በተለያየ ቦታ መቆረጥ አለባቸው፤ ሁለተኛውንም ለከበሮዎቹ ብቻ እሰጠዋለሁ። ማጉያዎቼን ግን አልተውም።

የሒሳብ ሹሙ፦
የማጉያው ብዛት ከስድስት እንዳይበልጥ።