ነገ ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን፤ ልጄን መኪና አልስማማት ብሏል፣ እባካችሁ ቶሎ

የሁለት ልጆች እናት (ማታ 2፡50)
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም አስቸኳይ ነው። ለእረፍት ወጥተን መንገድ ላይ ነን። ትንሿ ልጄን ዛሬ አራት ጊዜ አስመለሳት፤ በመጨረሻው ላይ ሆዷ ውስጥ ምንም ስላልቀረ ውኃ ብቻ ነው የወጣት። አሁን ግማሽ መንገድ ላይ አድረናል። ነገ አምስት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ይቀረናል፤ አብዛኛው ጠመዝማዛ ነው አሉን። አባታቸው ጠዋት እንመለስ እያለ ነው። ትልቁ ልጄ ደግሞ ባሕር አያለሁ ብሎ ቀን መቁጠሪያው ላይ 41 ቀን ሲሰርዝ ነው የከረመው፤ መመለስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ምንም ሳይናገር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምን ልስጣት? እዚህ መድኃኒት ቤቱ የሚከፈተው እኛ ከተነሳን በኋላ ነው።

ሰፊ ጥላ (2፡54)
እድሜዋ ስንት ነው? ክብደቷስ? ትኩሳት፣ ተቅማጥ አላት? ይህን ሳትነግሪን መድኃኒት የሚያዝልሽ ሰው ካለ አትስሚው።

መንገደኛው (2፡55)
ሎሚ ቆርጠሽ ታሽትተው። መስኮት ክፈቱላት። እኔን ያዳነኝ ይኸው ነው።

ጡረተኛ መምህር (3፡06)
እህቴ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ ነገሩን ብትረጂው ነገ የምታደርጊው ሁሉ ይቀልሻል። በውስጠኛው ጆሯችን ፈሳሽ የያዙ፣ ግማሽ ቀለበት የሚመስሉ ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ሰውነት ሲዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፤ አንጎልም «እየተንቀሳቀስን ነው» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ልጅቷ የምታየው የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ወይም መጽሐፍ ከሆነ ግን ዓይኗ «ምንም የተንቀሳቀሰ ነገር የለም» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ማቅለሽለሹ ይመጣል። ስለዚህ ሥሩ ያለው ጆሮና ዓይን አለመስማማታቸው ላይ ነው፤ ጨጓራዋ የሚከፍለው የሌላውን ዕዳ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን ብዙም አይነካም፤ የሚበረታው ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉት ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል።

ልጅቷ አፍራ ከሆነ ደግሞ ይህን ንገሪያት። ጌርማን ቲቶቭ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. በ1961 ምድርን 17 ጊዜ ዞሯል። ጠፈር ላይ ማቅለሽለሽና ማስመለስ የደረሰበት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰንም ዕድሜውን ሁሉ በመርከብ ላይ ኖሮ የባሕር ሕመሙ አልለቀቀውም። ይህ በድካም ወይም በሞኝነት የሚመጣ አይደለም። ለወደፊቱ ግን ልጅን ለረጅም ጉዞ ከማውጣት በፊት በአጭር በአጭሩ ማለማመድ ይገባል። እኔ በልጆቼ ጊዜ...

የመንታ እናት (3፡08)
መምህር፣ ይቅርታዎን፤ ትምህርቱን ወድጄዋለሁ፣ ግን እህታችን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መንገድ ልትጀምር ነው። የምታደርገውን እንንገራት።

የሁለት ልጆች እናት (3፡11)
ይቅርታ፣ ተጨንቄ ረስቼው ነው። 6 ዓመቷ ነው፣ 19 ኪሎ። ትኩሳት የላትም፣ ተቅማጥም የለም። መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የጠፈሩን ሰውዬ ነግሬያታለሁ። «እሱንስ እናቱ ጀርባውን አሻሸችው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነርስ እህት (3፡15)
እኔ እንደሚመስለኝ ሁላችሁም መኪና ነው ብላችሁ ተነሥታችኋል። እሱ መጀመሪያ ይጣራ። የመኪና ማቅለሽለሽ መኪናው ከቆመ በኋላ እየቀለለ ይሄዳል። አሁን ከወረዳችሁ ስንት ሰዓት ሆነ? ከዚያ ወዲህ አስመልሷታል? ሽንት ሸንታለች? ከቆማችሁ በኋላም ማስመለሱ ከቀጠለ፣ ሆዷን በጣም ካመማት፣ ራስ ምታት ወይም የአንገት መገተር ካለ፣ የሚወጣት አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ከሆነ፣ ወይም ፈዝዛ አልነቃ ካለች፣ ጉዞውም መመለሱም ይቅርና በቀጥታ ወደ ሕክምና ውሰዷት።

የሁለት ልጆች እናት (3፡19)
ከወረድን አራት ሰዓት አልፎናል። ከዚያ ወዲህ አላስመለሳትም። ሸንታለች። አሁን አልጋው ላይ ከወንድሟ ጋር ትራስ እየተወራወሩ ነው፤ እሱ ግን እንደ ወትሮው አይስቅም።

ነርስ እህት (3፡22)
እሰይ። እንግዲያው መኪናው ነው። ዛሬ ማታ ዋናው ሥራሽ የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። ኦአርኤስ ካላችሁ አንዱን ፓኬት እላዩ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን በጥብጪ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ አይከመር፤ ጨው ከበዛ ይጎዳታል። በአንዴ ብርጭቆ ሙሉ አትስጫት፤ በማንኪያ፣ ቀስ በቀስ። ካስመለሳት 10 ደቂቃ ጠብቀሽ እንደገና ጀምሪ። ነገም መንገድ ላይ እንዲሁ።

መንገደኛው (3፡23)
ሎሚውን እንዳትረሺ።

የሩቅ መንገድ ሹፌር (3፡31)
እህቴ፣ ሃያ ዓመት ሰው አመላልሻለሁ፤ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅቷ መኪና ውስጥ ምን ስትሠራ ነበር? ስልክ ወይም ታብሌት እያየች ከነበረ መልሱን አግኝተሻል። ነገ ምንም ዓይነት ስክሪን፣ መጽሐፍ፣ ሥዕል መቀባት አይኑር። የሚደመጥ ተረት ወይም ዘፈን ይሁንላት።

ሁለተኛ፣ አቀማመጧ። ከኋላ መሃል ላይ ሆና በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል መንገዱን ወደ ፊት አሻግራ እንድታይ አድርጊ። ከጎን መስኮት የሚሮጠውን ዛፍ መቁጠር ያባብሰዋል።

ሦስተኛ፣ ሽታ። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ሽቶ ካለ ዛሬውኑ ከመኪናው ይውጣ። የዛሬው ትውከት ሽታ ደግሞ ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ይቀበላታል፤ ገና ሳትንቀሳቀሱ ያስመልሳታል። አሁን ወርደሽ ወንበሩን በለብታ ውኃና በሳሙና ጥረጊው፣ አድርቂው፣ ቤኪንግ ሶዳ ካገኘሽ ነስንሽበት ይደር፤ ጠዋት ይራገፋል። የቀበቶው ማስገቢያ ቀዳዳ ውስጥም ይገባልና እዚያ በጨርቅ ጠቅልለሽ አጽጂ።

አራተኛ፣ የሚነዳው ሰው። በዚህ አትቆጡኝ፤ እኛ ወንዶች እንደርሳለን ብለን ኩርባ ላይ እንገባና ፍሬን እንይዛለን። ከኩርባው በፊት ፍጥነት ይቀነስ፣ ኩርባው ውስጥ ፍሬን አይነካ፣ ሲጨርስ ቀስ ብሎ ይጨምር። ዳሽቦርዱ ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ የተቀመጠ ያህል ቆጥሮ ይንዳ።

ደጉ ጎረቤት (3፡36)
ይህን ሁሉ ከምትደክሙ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጧት፣ ወዲያው ይተዋታል። እኔ ልጄን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ነርስ እህት (3፡38)
ወንድሜ፣ ይህንስ አልቀበልህም። ማቅለሽለሹ ይቀንስ ይሆናል፤ ግን ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቦታው ከኋላ ነው። ኤርባግ የሚፈነዳው ለአዋቂ ሰውነት ተለክቶ ነው፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ፊትና አንገት ራሱ አደጋ ነው። መሃሉም ቢሆን የትከሻ ቀበቶ ካለውና የልጅ መቀመጫዋ በደንብ ከተቀመጠ ብቻ ነው። ካልሆነ በጎን ትቀመጥ፣ ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ራስ መደገፊያ ይነቀልና መንገዱ ይታያት፤ ግን እዚያ ወንበር ላይ ሰው አይቀመጥ።

ደጉ ጎረቤት (3፡40)
እኛስ በምን አድገን ነው? የጭነት መኪና ላይ አልነበር።

ነርስ እህት (3፡41)
ያላደጉትን ስላየሁ ነው የምናገረው።

ቤት ይሻላል (3፡44)
እኔ ግን ከመነሻው አልገባኝም። የስድስት ዓመት ልጅ ይዞ ይህን ያህል መንገድ ምን አስኬደ? ልጅ ባሕርና ኩሬ አይለይም። ቤታችሁ አጠገብ ውኃ ዘርግታችሁ ብታጫውቷቸው እኩል ይደሰታሉ። አባታቸው ልክ ነው፣ ተመለሱ።

የሁለት ልጆች እናት (3፡52)
ምክርዎን ተቀብያለሁ፤ ግን ልናገር። አባታቸው ከቤት ርቆ ነው የሚሠራው። ከሦስት ዓመት ወዲህ አራታችን አንድ ላይ አሥር ቀን ሆነን አናውቅም፤ ይህ የመጀመሪያችን ነው። ልጄ ባሕሩን ከአባቱ ጋር ነው ማየት የፈለገው። ኩሬ ከሆነ እኔም አሳየዋለሁ።

ሹፌሩ ወንድሜ፣ አዎ፣ ታብሌት ነበር። ዝም እንድትልልን እኔው ነኝ የሰጠኋት፤ አምስት ሰዓት ሙሉ እያየች ነበር። ሽቶውም አለ። ባለቤቴ አሁን ወርዶ መኪናውን እያጠበ ነው፣ በስልክ መብራት።

የመንታ እናት (3፡57)
እህቴ፣ ራስሽን አትውቀሺ፤ ያላደረገ ወላጅ የለም። ለባለቤትሽ ግን አንድ ነገር ንገሪው። ግማሽ መንገድ ላይ ናችሁ አይደል? ብትመለሱም ያው ዛሬ ያስመለሳትን መንገድ ነው የምትሄዱት። ሕመሟ እኩል ነው፤ ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ባሕር መኖር አለመኖሩ ነው።

ፋርማሲስት (4፡03)
መድኃኒት ለጠየቅሽው፦ ዳይመንሃይድሪኔት ለልጆች የሚሰጥ አለ፤ የሚሠራው ግን ከመነሳት 30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ከተወሰደ ነው። ማስመለስ ከጀመራት በኋላ ቢሰጥ ራሱም ይወጣል። መጠኑ በእድሜ ስለሚለያይ የአዋቂውን ኪኒን በግምት ሰብረሽ እንዳትሰጪ። ፕሮሜታዚን የሚባለው ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፣ ትንፋሽ ያዳክማል፤ ለትልልቆቹም ያለ ሐኪም አይሆንም። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው የአዋቂ ፕላስተርም ለልጅ አይደለም። አንዳንዱን ልጅ ደግሞ እንቅልፍ ማስያዙ ቀርቶ ያቅበጠብጠዋል፤ መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር ጥሩ አይደለም። እኔ ብሆን ሁለት ሰዓት ዘግይቼ፣ መድኃኒት ቤቱ ሲከፈት ክብደቷን ተናግሬ ጠይቄ እነሳለሁ። አሥር ቀን ላላችሁ ሰዎች ሁለት ሰዓት ምንድን ነው?

መንገደኛው (4፡05)
ይህንንም እደግፋለሁ። ከሎሚው ጋር።

አያት ነኝ (4፡20)
ልጄ፣ አይዞሽ። እኔ አራት አሳድጌአለሁ፣ አሁን የልጅ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ ድንኳን ይዘን ሄደን ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ዘነበ። ሐይቁን ከሩቅ ብቻ ነው ያየነው። የደረቀ ልብስ አልነበረንም፣ ባለቤቴና እኔ ተኳርፈን አንነጋገርም ነበር። ልጆቹ የሶፍት ካርቶን ቀድደው ጀልባ ሠርተው በድንኳኑ ደጃፍ በሚወርደው ጎርፍ ሲያሽቀዳድሙ ዋሉ፤ የትንሹ ጀልባ ሲሰጥም ትልቁ የራሱን ሰጠው። ያ ትንሹ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ «ያ የጀልባው ጊዜ» እያለ ለልጆቹ ያወራል። ስለ ኩርፊያችን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ነገው። ባዶ ሆዷን አታውጫት፤ ሆዷ ባዶ ሲሆንም ይብስባታል። ትንሽ ደረቅ ነገር፣ ቅባት የሌለው፣ ከመነሳት አንድ ሰዓት በፊት። ፌስታል ሁለት ደርበሽ፣ አፉን ወደ ውጭ ገልብጠሽ፣ ታችኛው ላይ ሶፍት አንጥፈሽ ጭኗ ላይ አስቀምጪላት፤ ራሷ ትያዘው። ፌስታሉ በእጇ መሆኑን ስታውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል፣ ፍርሃቱ ሲቀንስ ማስመለሱም ይቀንሳል። ብቻ ብቻዋን ይዛው እንዳታንቀላፋ፤ ስትተኛ ተቀበያት። ቅያሪ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሪው፣ እግርሽ ሥር አድርጊው። በየሰዓቱ ደግሞ ቁሙና ትውረድ፣ ትራመድ። ያመማት ዕለት ቶሎ እንድረስ ማለት አይጠቅምም።

ልጁንም እንዳትረሺው። እህቱ ስለታመመች ጉዞው ቢቀር ሳያውቀው እህቱን ይጠላል። ሥራ ስጪው። መንገዱን ከፊት እያየ «ኩርባ መጣ» ብሎ የሚነግራት እሱ ይሁን።

የሩቅ መንገድ ሹፌር (4፡24)
እማማ፣ ይህ ከእኔ ሁሉ ይበልጣል። ኩርባው እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብዙም አያስመልሰውም፤ ሹፌር ብዙ ጊዜ የማያስመልሰው ለዚህ ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ጠዋት 2፡25)
አደራችሁን ተቀብዬ ቆየን። መድኃኒት ቤት ሄጄ ለ19 ኪሎዋ የሚሆነውን ሰጡኝ፣ ከወሰደች 35 ደቂቃ ሆኗታል። መኪናው አይሸትም። ሽቶውን ባለቤቴ ራሱ ጣለው። ትልቁ ልጄ ከእህቱ ፊት ያለውን ወንበር ራስ መደገፊያ ራሱ ነቅሎ ጭኑ ላይ ይዞታል፤ «ኩርባ» የሚለውን ከአሁኑ እየተለማመደ ነው፣ ገና ግቢ ውስጥ ሆነን። እማማ፣ ፌስታሉን እንዳሉት አድርጌዋለሁ። ሎሚም ይዘናል። ልንነሳ ነው፣ ስንደርስ እጽፋለሁ።

ሰፊ ጥላ (ማታ 1፡10)
እናቷ፣ ደረሳችሁ?

አዲስ አባል (ማታ 2፡02)
እዚሁ ልጠይቅ፤ እኛ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት የስምንት ወር ልጅ ይዘን በአውሮፕላን ነን። ጆሮውን ያመዋል ሲሉ ሰማሁ፤ ምን ይደረግ?

ነርስ እህት (ማታ 2፡09)
በተለይ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ ስጪው። ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል። መውረዱ ከማረፊያው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ስለሚጀምር በዚያ ጊዜ ተኝቶ ከሆነ ቀስቅሺው። ከባድ ጉንፋን ካለበት ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ይየው።

መንገደኛው (ማታ 2፡30)
እኔም መልሷን እየጠበቅኩ ነው።

ጡረተኛ መምህር (በማግስቱ፣ ጠዋት 3፡15)
እህቴ፣ ስትመቻቹ ጻፊልን። ልጁ ባሕሩን ሲያይ ምን አለ?