በማህፀን ሽፋን ሃይፐርፕላዚያ ላይ የትኛውን የስቴም ሴል ማርከር ልያዝ?

ማይክሮቶም፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጥናት፣ ከማህደር በወጡ የማህፀን ሽፋን ባዮፕሲ ብሎኮች (በፓራፊን ሰም የተያዙ ናሙናዎች) ላይ የስቴም ሴል ማርከሮችን (መለያ ፕሮቲኖችን) በአይኤችሲ (ፕሮቲንን በአንቲቦዲ በማቅለም) ለማየት አስቤያለሁ። ቡድኖቹ ጤናማ፣ አቲፒያ (የሕዋስ መልክ መዛባት) የሌለው ሃይፐርፕላዚያ (የሽፋኑ ከልክ በላይ መብዛት) እና አቲፒያ ያለው (ኢአይኤን፣ ቅድመ ካንሰሩ) ናቸው። እጩዎቼ ኦክት4፣ ሲዲ133፣ ሶክስ9፣ ሲዲ44 እና ኤልጂአር5 ሲሆኑ በጀቱ ከጥቂት አንቲቦዲ በላይ አይችልም። በሙከራው ሶክስ9 ጤናማውንም ኢአይኤኑንም እኩል አቀለመብኝ። የቱን ልጣል? ውጤቱስ ለምርመራ ይረዳል?

ቤዛሊስ፦ ኤልጂአር5ን ይሰርዙት። ለፓራፊን የሚሸጡት አንቲቦዲዎች እምነት አይጣልባቸውም፤ በደንብ የሚታየው አርኤንኤውን በኢን ሲቱ ሃይብሪዳይዜሽን ሲፈልጉት ነው፣ ያ ደግሞ ለቆየ ብሎክ አይመችም። ኦክት4ን ከያዙ ኒውክለስ ላይ ያለውን ብቻ ይቁጠሩ፣ ኮንትሮሉም (ማቅለሙ መስራቱን የሚያሳየው ናሙና) ሴሚኖማ፣ የዘር ፍሬ ካንሰር፣ ይሁን፤ ሳይቶፕላዝም ላይ የታየ ቡናማ ለስቴምነት ማስረጃ አይሆንም። ሲዲ133 በጤናማ ዕጢዎችም (በሽፋኑ ግላንዶች) ወደ ክፍተቱ ባለው ጠርዝ ላይ ስለሚቀልም እኔ አልመርጠውም።

የሶክስ9 ነገር የሚጠበቅ ነው። የሽፋኑ የታችኛው ክፍል፣ ቤዛሊስ፣ በተፈጥሮው ሶክስ9 አለው፤ በፕሮሊፈሬቲቭ (ሽፋኑ በሚያድግበት) ምዕራፍም ብዙ ዕጢ ይይዛል። በፒፔል (በቀጭን መምጠጫ ቱቦ) ወይም በኩሬታጅ (በመፋቅ) የመጣ ናሙና ደግሞ ተበጣጥሶ ስለሚደርስ ላይና ታቹ አይለይም። ስለዚህ «ጤናማ» ያሉት ከየትኛው ምዕራፍ ነው? ሃይፐርፕላዚያ በኤስትሮጅን የሚገፋ እድገት ስለሆነ ከሴክሬቶሪ (እንቁላል ከወጣ በኋላ ካለው) ሽፋን ጋር ካነጻጸሩት የሚያገኙት ልዩነት የሆርሞን እንጂ የቅድመ ካንሰር አይደለም። ጤናማ ማነጻጸሪያዎቹን ከፕሮሊፈሬቲቭ ብቻ ይምረጡ። ሉፕ የተደረገላቸውን ወይም ፕሮጄስቲን (የፕሮጄስትሮን ዓይነት ሆርሞን) የወሰዱትንም ያውጡ።

ቡናማ_ቀለም፦ የላብራቶሪውን ላክልበት። ናሙናው በ10% ቡፈርድ ፎርማሊን ከ6 እስከ 72 ሰዓት የቆየ ይሁን፤ ካነሰ ጠርዙ ቀልሞ መሃሉ ባዶ ይቀራል። 3 ማይክሮን ቆርጠው ቻርጅድ ስላይድ ላይ ያንሱና በ60 ዲግሪ 1 ሰዓት ያድርቁት። ለሶክስ9 አንቲጂኑን በሙቀት ለመግለጥ መነሻዎ ትሪስ-ኢዲቲኤ ፒኤች 9.0፣ ከ95 እስከ 98 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃ ይሁን፤ ከዚያ እዚያው ፈሳሽ ውስጥ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። በችኮላ ቧንቧ ስር የከተቱት እንደሆነ ቁርጥራጩ ከስላይዱ ይነሳል። ኩሬታጅ ደም ስለሚበዛበት 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለ10 ደቂቃ አይዝለሉ፣ አለዚያ ቀይ ደም ሕዋሳቱ ራሳቸው ቡናማ ይሆናሉ። የሶክስ9 ኮንትሮል፦ ኮሎን፣ የክሪፕቱ ስር።

ሲዲ44 ሊምፎሳይትንም ስትሮማንም (በዕጢዎቹ መካከል ያለውን ደጋፊ ሕብረ ሕዋስ) ያቀልማል። ሊምፎሳይቱ ኮንትሮል ሆኖ ያገለግላል፤ ውጤት ሲሰጡ ግን የዕጢውን ሜምብሬን ብቻ ይዩ። ኤች-ስኮሩን (የቀለሙን ጥንካሬና የቀለሙትን ሕዋሳት መቶኛ የሚያጣምር ነጥብ፣ 0–300) ለኢአይኤኑ ቦታና በዚያው ስላይድ ላይ ላሉት ጤናማ ዕጢዎች ለየብቻ ይስጡ። የአንድ ሴት ሁለት ቁጥር ከሁለት ሴቶች ቁጥር ይበልጣል።

ማይክሮቶም፦ አመሰግናለሁ። የምርመራውስ ነገር?

ቤዛሊስ፦ አይረዳም፣ በግልጽ ልንገርዎ። ኢአይኤን የሚለየው በኤችኢ (በተለመደው የሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን ቀለም) ነው፦ ዕጢው ከስትሮማው ሲበዛ፣ የሕዋሱ መልክ ከአካባቢው ሲለይ፣ ቦታው ከ1 ሚሊሜትር ሲበልጥ፣ ፖሊፕና መሰሎቹም ካንሰርም ሲወገዱ። ሲያጠራጥር የሚጨመሩት ፒቴን፣ ፓክስ2 እና ቤታ-ካቴኒን የተባሉት ማርከሮች ናቸው። ከበጀትዎ አንዱን ለፓክስ2 ቢያውሉት ሶክስ9ን የሚያስተያዩበት መስመር ያገኛሉ።

አንድ ትልቅ ነገር ደግሞ አለ። በ2006 በወጣው የአሜሪካው ጂኦጂ (የሴቶች የመራቢያ አካል ካንሰር ጥናት ቡድን) ጥናት፣ በባዮፕሲ አቲፒያ ያለው ሃይፐርፕላዚያ ከተባለላቸው ሴቶች 43% ገደማ የሚሆኑት ማህፀናቸው ሲወጣ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ባዮፕሲውን ብቻ ይዘው «ቅድመ ካንሰር» ብለው ከመደቡ ቡድኑ የተደባለቀ ነው። የማህፀን ማውጣት ሪፖርት ያላቸውን ለይተው ይያዙ፣ ቁጥሩ ቢያንስም።

ቡናማ_ቀለም፦ ፒቴንም ከገባ፦ ዕጢው ነጭ ሆኖ ስትሮማውና የደም ስሩ ከቀለመ ጠፍቷል ይባላል። ስትሮማውም ነጭ ከሆነ ማቅለሙ ነው የከሸፈው፤ ይድገሙት።